የሰው ገንዘብ

በጥቅምት ወር የሸኸዲ መናኸሪያ እግር መጣያ አልነበረውም። ዛሬ ገንደ ውሃ የምንላት ከተማ ያኔ ከጎንደር በኮረኮንች መንገድ አንድ ሙሉ ቀን የምታስኬድ፣ ክረምት ሲገባም ጭቃው በር የሚዘጋባት መንደር ነበረች። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ግን አገር ምድሩ ወደ እሷ ይጎርፋል። ከጋይንት፣ ከበለሳ፣ ከሊቦ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ የተነሣው ወጣት በአይሱዙ ጭነት ላይ ተደራርቦ ይመጣና አቧራ ለብሶ ይወርዳል። የሁሉም ጓዝ አንድ ዓይነት ነው፤ በማዳበሪያ ቁራጭ የተጠቀለለ ማጭድ፣ ኮንጎ ጫማ፣ ትንሽ ጀሪካን፣ እናት ወይም ሚስት የቋጠረችው በሶ። ደጋ ላይ የለበሱትን ሹራብ መንገድ ላይ ያለችውን የነጋዴ ባሕር ከተማ ሲያልፉ ወገባቸው ላይ አስረው ነው የሚደርሱት።

ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም። ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ይዘራል፤ መስከረም ሲያልቅ የታችኛው ፍሬው ቢጫ መሆን ይጀምራል። ያኔ ፈጥኖ ካልታጨደ ፍሬው በራሱ ጊዜ አፉን ከፍቶ ዘሩን መሬት ላይ ያፈሳል፣ የክረምቱ ልፋትም በቀናት ውስጥ የጉንዳን ሲሳይ ይሆናል። የታጨደው በትንንሽ ነዶ ይታሰርና ራስ ለራስ ተደጋግፎ እንዲቆም ይከመራል፤ ክምሩን ሂላ ይሉታል። ሂላው ሁለት ሳምንት ያህል ፀሐይ ከጠጣ በኋላ ነዶው አንድ በአንድ እየተነሣ ሸራ ላይ ይዘቀዘቅና በዱላ መታ መታ ይደረጋል። በልጅነቴ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጠው ነበር፤ ዘሩ ሸራው ላይ ሲወርድ ካፊያ የጣለ ይመስላል። ይህን ሁሉ የሚሠራው እጅ ነው። ትራክተሩ አርሶ ዘርቶ ይሄዳል፤ አጨዳው፣ እስራቱና ማራገፉ ግን የሰው ጉልበት ይፈልጋል፣ እሱም ሁሉም እርሻ ዘንድ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የሚፈለገው። ከሄክታር አምስት ኩንታል ያገኘ ገበሬ ፈጣሪውን ያመሰግን ነበር። አምስቱም ኩንታል በእነዚያ ማጭድ ይዘው በመጡ ልጆች እጅ ያለፈ ነው።

ሠራተኞቹ ከቆላው ሰው ጋር የሚኖሩበት ውል በወረቀት የሰፈረ አልነበረም። እናቴ ከመናኸሪያው ትይዩ ሻይና ምግብ ቤት ነበራት። ግድግዳው ሽመል፣ ክዳኑ ሣር፣ ከፊት ለፊቱ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ። ሠራተኛው እርሻ ከመውረዱ በፊት እዚያ ይበላል፣ ካምፕ ሰንብቶ ሲመለስም መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እሷ ነው። ገንዘብ ይዞ ይመጣልና። በሸሚዙ ኪስ ይዞት ጫካ ቢያድር ይዘረፋል፣ ጠላ ቤት ቢገባ ይጠጣዋል፣ አገር ቤት እንዳይልከው የሚያውቀው ሰው የለም። ስለዚህ ይቀመጥና ቡናው እስኪፈላ ጠብቆ፣ ሰው ዘወር ሲል፣ «እትዬ፣ ይቺን ይያዙልኝ» ይላታል።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ገንዘቡን ፊቱ ላይ ሁለት ጊዜ ትቆጥረዋለች፣ እሱንም ታስቆጥረዋለች። ከዚያ በጨርቅ ትጠቀልለውና ከራሱ ጋቢ ዘርፍ በመዘዘችው ክር ታስረዋለች። የቋጠሮው ቁጥር ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ አንድ ቋጠሮ ጋይንት፣ ሁለት በለሳ፣ ሦስት ወሎ። «ነጭ ክር ሁሉ ያው አይደለም ወይ?» ብዬ ስጠይቃት እንዴት እንዳየችኝ አልረሳውም። የወሎው ፈትል ይቀጥናል፣ የበለሳው ይወፍራል፣ ይህኛው ጋቢ አዲስ ነው ያኛው ታጥቦ ለስልሷል እያለች በጣቷ ታሻሸዋለች። ባለቤቱ ሲመጣ ክሩ ከጋቢው ጋር ይመሳከራል። ሁለት ነገር ደግሞ ሳትጠይቅ አትቀበልም፤ የእናትህ ስም ማን ነው፣ ደብርህ የት ነው። የወሎው ልጅ ሙስሊም ከሆነ ቀየውንና የአባቱን ስም። ለምን እንደምትጠይቅ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ግን ጮክ ብሎ አይናገረውም። ቆላ ወርዶ የማይመለስ ነበርና።

ጥቅሉ ሁሉ ከማሽላው ጎታ ውስጥ ገብቶ በማሽላ ይሸፈናል። እኛ ልጆቿ ያንን ጎታ ለመንካት የምንፈራውን ያህል ታቦት ቤት ለመግባት አንፈራም ነበር። ለዚህ ሥራዋ ሳንቲም አትቀበልም። ብቻዋንም አልነበረችም፤ በዚያ ሰፈር ስንት ቤት እንዲህ ያደርግ እንደነበር ያደግንበት እናውቀዋለን። ድንበሩ አጠገብ መተማ ዮሐንስ ላይም ነጋዴዎች የሱዳኖችን ዕቃና ገንዘብ ከገበያ እስከ ገበያ ያለ ደረሰኝ ያስቀምጡ ነበር። ሱዳናዊው ጀለቢያውን ሰብስቦ በድልድዩ በኩል ወደ ገላባት ይሻገራል፤ በሳምንቱ ተመልሶ ዕቃውን እንደተወው ያገኘዋል።

ያ ሁሉ መልካም ነበር ብዬ የሠራተኛውን ኑሮ ላሳምር አልፈልግም። ልጆቹ ሌሊቱን የሚያሳልፉት እርሻው ዳር፣ በላሎ ዛፍ ሥር፣ መሬት ላይ ነበር። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ በስንጥቁ ውስጥ ካላዛር የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች። ሌሊት ትነክሳለች፣ ድምፅ የላትም። ከወራት በኋላ ሰውየው ይከሳል፣ ሆዱ ያብጣል፣ ትኩሳቱ አልለቅ ይላል። ብዙ ዓመት ንዳድ ነው እየተባለ ስንቱ አለቀ። በ1997 ዓ.ም ሊቦ ከምከም ላይ በሽታው ወረርሽኝ ሆኖ ሲነሣ ነው ደጋው ጉዳዩ የራሱ መሆኑን ያወቀው፤ ባለሙያዎቹም ነገሩን ከመተማና ከሁመራ ከሚመለሱ ሠራተኞች ጋር አያያዙት። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሕክምና አለ፣ አብደራፊ ላይም ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለዓመታት ሲያክሙ ኖረዋል። ሲሰጥ የኖረው ሕክምና ለ17 ቀናት በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ መወጋት ነው። ሠራተኛው ግን አሁንም መሬት ላይ ይተኛል። ስንት ቢሊዮን ብር የሰሊጥ ገንዘብ በዚያ መሬት አለፈ፣ አጎበር የተዘረጋበት መጠለያ የሠራ ባለ እርሻ ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

እናቶቻችን ያንን መተማመን ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት ይመስለኝ ነበር። የመተማን ታሪክ ሳነብ እንዳልሆነ ገባኝ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም መተማ ሲደርስ ያገኘው ትልቅ ገበያ ነበር። ከተማዋ የተክሩሪዎች ናት፤ ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ወገን ተነሥተው ለሐጅ ሲጓዙ እዚያው የቀሩ ሰዎች። ሼካቸው ለግብጹም ለኢትዮጵያውም ገዥ ግብር እየከፈለ በሁለቱ መካከል ይኖራል። ከጎንደር ቡና፣ ሰም፣ ቆዳ ይወርዳል፤ ከሱዳን ጨርቅና ዕቃ ይወጣል። ሰውም ይሸጣል። ከደጋውና ከደቡቡ የተነዱ ሴቶችና ሕፃናት በዚያ ገበያ ዋጋ ወጥቶላቸው ወደ ናይል ወርደዋል። ከገበያው በስተደቡብ በሽንፋና በገለጎ በኩል የጉሙዝ ሰዎች ነበሩ፤ እኛ ሳንመጣ በፊት ማሽላቸውን እየዘሩ፣ ማራቸውን እየቆረጡ የኖሩ። የባሪያ ፈንጋዩ በትር ከሁሉ የከበደው በእነሱ ላይ ነው። መተማን ሳስብ ይህንን መዝለል አይቻለኝም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ትምህርት ቤት ተምረነዋል። መሐዲስቶች በጥር 1880 ዓ.ም ጎንደርን አቃጠሉ፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም መተማ ላይ ገጠሟቸው፣ ሠራዊታቸው ምሽጉን ሰብሮ ገብቶ ድሉ እጁ ሊገባ ሲል ንጉሡ ቆሰሉ፣ በማግሥቱም ሞቱ። ጭንቅላታቸው ኦምዱርማን ተወሰደ። ከተማዋም ስማቸውን ይዛ መተማ ዮሐንስ ተባለች። በግንቦት 1894 ዓ.ም አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ድንበሩን ሲዋዋሉ አንዱ የገበያ ቦታ ሁለት ሆነ፤ ከደረቁ ወንዝ ወዲህ መተማ፣ ወዲያ ገላባት። በጥቅምት 1933 ዓ.ም ደግሞ በኋላ በበርማ ስሙ የገነነው እንግሊዛዊው ስሊም ሕንድ ወታደሮቹን ይዞ ገላባትን ከጣሊያን ያዘ፣ መተማን ግን መያዝ አልቻለም። ይህ ሁሉ ጦርነት የታላላቆች ነው፤ በየመጻሕፍቱ ተጽፏል። ከዚያ ሁሉ ደም በኋላ ድንበሩ ላይ ማንም ሳያዘው አንዱ ለሌላው ገንዘብ የሚያስቀምጥበት ኑሮ እንዴት ተሠራ ለሚለው ግን መጽሐፍ አላገኘሁም። የሠሩት ድሆች ናቸው። ስደት ያስተማራቸው ይመስለኛል።

አጎቴ ከእነዚያ አንዱ ነው። በ1969 ዓ.ም ኢዲዩ (የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት) መተማንና ሁመራን ይዞ ከደርግ ጋር ሲዋጋ ቆላው ነደደ። አጎቴ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ ተሻገረ። በዚያው መንገድ ከዚያ በኋላ ስንቱ አለፈ። ከጎንደር ገጠር የተነሡት ቤተ እስራኤሎች በ1976 እና በ1977 ዓ.ም በእግራቸው የሱዳኑ ኡም ራኩባ መጠለያ የደረሱት በዚህ ቆላ አቋርጠው ነው፤ በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንዳለቀባቸው ይነገራል። አጎቴ ገዳሪፍ ሲደርስ የሚያውቀው ቋንቋም ሰውም አልነበረም። አንድ የማሽላ ገበሬ ከግቢው ጥግ ቦታ ሰጠው፣ ባለቤቱ ለሕፃናቱ እንዲተኙበት እንግሪብ የሚሉትን የገመድ አልጋ አወጣችላቸው። ኪራይ የጠየቀው የለም። ደርግ እስኪወድቅ እዚያው ኖረ። ሲመለስ የጠመንጃም የፖለቲካም ወሬ አላመጣም፤ ያመጣው ያንን በገመድ የተሠራ አልጋ፣ ዝንጅብል የገባበት ቡና አፈላልና የሱዳናዊው ዘፋኝ የመሐመድ ወርዲ ካሴቶች ነበር። «ሰው አገር ያሳደረኝ ሰው ነው» ይል ነበር፣ ሌላ ንግግር አያውቅም። እናቴ የሰው ገንዘብ ማስቀመጥ የጀመረችው እሱ ከተሰደደ በኋላ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ወንድሟ በማያውቀው ደጅ ያድር ነበርና ደጇ ያደረውን ልጅ እንደ ሌላ አላየችውም።

ከዚያ ሰሊጥ ዋጋ አወጣ። ከቡና ቀጥሎ የአገሪቱ ሁለተኛ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ሆነና ቻይና ድረስ ሄደ። ባለ ሀብቱ መጣ፣ ወፈር ዘመቱ ከጭልጋና ከደንቢያ በየክረምቱ እየወረደ አርሶ መመለሱን ትቶ መሬት አጠረ፣ በ1995 እና በ1996 ዓ.ም መንግሥት ከተራቆተው ደጋ ያነሣቸውን ቤተሰቦች መተማና ቋራ አሰፈረ። ሁሉም መሬት ይፈልጋል፣ ሁሉም ደግሞ ምክንያት አለው። የተራበ ሰው ዛፍ ቆረጠ ብዬ አልፈርድም። ግን ጫካው አለቀ። ከሸኸዲ ወጣ እንዳልን የሚቀበለን የሽመልና የዕጣን ዛፍ ደን አሁን ሰማይና ሰሊጥ ብቻ ሆኗል። የቀረው የዕጣን ዛፍም አርጅቷል። በ2004 ዓ.ም የታተመ፣ በመተማ አካባቢ የተሠራ ጥናት የዛፎቹ ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል፣ የዕጣኑ ምርትም በ15 ዓመት በግማሽ እንደሚያንስ አስጠንቅቆ ነበር። ትልልቁ ዛፍ ይሞታል፣ ችግኙን እሳትና ከብት ይጨርሰዋል፣ ተተኪ የለም። በየቅዳሴው የሚጨስ ዕጣን ከየት እንደሚመጣ የሚያስብ ምዕመን ቢኖር ወደዚህ ቆላ ችግኝ ይልክ ነበር።

ሀብቱም ቢሆን እዚህ አልተቀመጠም። ሰሊጡ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲሸጥ የሚታወቀው የሁመራና የጎንደር ነጭ ሰሊጥ ተብሎ ነው፤ መተማ ስሟ የለበትም። ጎንደርና ባሕር ዳር ላይ በሰሊጥ ገንዘብ የተሠራ ፎቅ ባለቤቱን ጠይቆ ማወቅ ይቻላል፤ ገንደ ውሃ ላይ ግን ያ ሁሉ ሠራተኛ የሚያርፍበት አንድ አዳራሽ አልተሠራም። አስፋልቱ መጣ፣ ከተማዋ በ2010 ዓ.ም የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ሆነች፣ ባንኮች ተደርድረው ተከፈቱ። ደስ ብሎን ነበር። እናቴም አርጅታለች፣ ጎታውን ማረፊያ ልትሰጠው ነው ብለን አሰብን። ሠራተኛው ግን መታወቂያ የለውም። ቀበሌው ሩቅ ነው፣ ያለውም ቀኑ አልፎበታል፣ ባንኩ ደግሞ ያለ መታወቂያ አያስተናግድም። ሕጉ ሕግ ነው፣ አልነቅፈውም። ሕጉን ያወጣ ሰው ግን ገንዘቡን በካልሲው ውስጥ አስሮ እርሻ ዳር የሚተኛውን ልጅ አላየውም።

መስከረም 2013 ዓ.ም ብር ሲቀየር ጎታው ውስጥ አንድ ጥቅል ቀርቶ ነበር። ሁለት ቋጠሮ። የበለሳ ልጅ ነው፤ ከሰሊጥ አጨዳ በኋላ ማሽላ ለማጨድ ወደ ገዳሪፍ ተሻግሮ «ለፋሲካ እመለሳለሁ» ያላት። ስንት ፋሲካ አለፈ። በበለሳ ሰው በኩል ብታስጠይቅ እናቱ ሞታለች፣ ወንድሞቹም አገር ለቀዋል ተባለች። አሮጌው ብር ሊቀየር ሲሆን ጥቅሉን ይዛ ባንክ ሄደች፣ እኔም ደግፌያት ሄድኩ።

«የማን ገንዘብ ነው እማማ?» አላት የባንኩ ልጅ።

«የሰው ነው።»

«ሰውየው የት አለ?»

«እሱ ቢታወቅማ አንተ ጋ ምን አመጣኝ፣ ልጄ።»

ልጁ ጨዋ ነው፣ ቀየረላት። አዲሶቹን ብሮች ስትቀበል ቆጠረቻቸውና ፊቷ ተለወጠ። ቁጥሩ አልጎደለም። «ሲሰጠኝ ወይፈን ይገዛ ነበር» አለችኝ፤ «አሁን ሁለት ኪሎ ሥጋ አይገዛም። ቢመጣ ምን ብዬ ነው የምሰጠው?» መልስ አልነበረኝም። አደራ የተቀበለ ሰው የኑሮ ውድነትን በእኔ ላይ ቁጠሩት ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው። የብሩን ዋጋ ሲያሳንሱ የዋሉ ትልልቅ ሰዎች ከእሷ እኩል ያዘኑበት አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሱዳን ጦር ድንበሩ ላይ ወዳለው አወዛጋቢ የእርሻ መሬት ገባ። ደለሎና ወደዚያ ባለው ቆላ ያመረቱ ገበሬዎች ምርታቸውን ትተው ሸሹ። ትራክተራቸውን ያጡም አሉ። ቁጣው የሚገባን ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ ያንኑ ድልድይ ተሻግሮ የመጣው ግን ወታደር አልነበረም። ሐኪሙ፣ አስተማሪዋ፣ ካርቱም ስትሠራ የኖረች ኢትዮጵያዊት፣ ኤርትራዊው፣ ሕፃን ያዘለችው መጡ። መተማ ዮሐንስ ላይ ውሃና ዳቦ ይዘው የተቀበሏቸው የከተማችን እናቶች ነበሩ፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ኮርቻለሁም። በሳምንቱ የቤት ኪራይ ስንት እጥፍ እንደሆነም አይቻለሁ። ሻንጣ ከድልድዩ እስከ መኪናው ለመሸከም የተጠየቀውንም ዋጋ። ገዳሪፍ አጎቴን በስንት አከራየችው ብለን ያሰብን ስንቶቻችን ነን?

ከዚያ የባሰው ኩመርና አውላላ መጠለያዎች ላይ የደረሰው ነው። ሌሊት የታጠቀ ሰው እየመጣ ስደተኛውን ይዘርፍ፣ ይደበድብ፣ ያግት ጀመር። የተገደሉም አሉ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም በሺዎች የሚቆጠሩ ሱዳናውያን መጠለያውን ትተው ጫካ ውስጥ፣ መንገድ ዳር፣ በላስቲክ ሥር ተቀመጡ። ክረምቱ እዚያው ደረሰባቸው። የመተማን ክረምት የማያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም፤ ወባው፣ ጭቃው፣ እባቡ። ድርጅቶቹ ምን ማድረግ ነበረባቸው የሚለውን ሌሎች ይጻፉት። እኔ የምጠይቀው የእኛን ነው። ስደተኛውን የዘረፈው ሰው የሆነ ቤት ያደገ ነው፤ የሆነች እናት ልጅ ነው፤ አያቱ ወይም አጎቱ ኡም ራኩባ ወይም ገዳሪፍ በሰው ደጅ ያደረ ሊሆን ይችላል።

እገታ አሁን የአካባቢው ሥራ ሆኗል። ሾፌሩ ይታገታል፣ ገበሬው ይታገታል፣ ማጭድ ይዞ የመጣው ልጅ ይታገታል፤ ዘመዶቹ በሬ ሸጠው ያስለቅቁታል፣ ካልቻሉም ሳይመለስ ይቀራል። በክልላችን የተነሣው ጦርነትና የሕግ መጥፋቱ አመጡት ይላሉ፣ እውነት ነው። ግን ያኔም ጦርነት ነበር። በ1969ም ከዚያም በኋላ ከዚህ የባሰ ጥይት ተተኩሷል፤ ሽፍታም ነበር፣ መንገድም ይዘጋ ነበር። የእንግዳ ሰው ገንዘብ ከጎታ የሚቀመጥበት ቤት ግን በከተማዋ አልጠፋም። በደግ ዘመን የተሠራ ልማድ ስላልነበረ ክፉ ዘመን አላፈረሰውም። ያፈረሰው ሌላ ነገር ነው፤ መሬቱን በሄክታር፣ ሠራተኛውን በቀን፣ ስደተኛውን በሻንጣ መቁጠር ስንጀምር፣ ሰውየው ራሱ ስንት ያወጣል ወደሚለው ለመድረስ ብዙም አልራቀንም። በድሮው ገበያ ያንን ጥያቄ ሲጠይቁ የኖሩ ነበሩ። እናቶቻችን የዘጉትን በር እኛ ከፈትነው።

ዘንድሮ መስከረም መጨረሻ ላይ ስልክ ተደወለልኝ። አባቱ ከእናቴ ቤት ገንዘብ ያስቀምጥ የነበረ የጋይንት ልጅ ነው። አባቱ የኔን ቁጥር ሰጥቶት፣ «መንገዱን ጠይቀው» ብሎት።

«ጋሼ፣ ሰሊጡ ደርሷል አሉ፤ ከጓደኞቼ ጋር ልንወርድ ነበር። መንገዱ እንዴት ነው?»

ጎረቤቴ አጠገቤ ነበር። ሰሊጡ ቢጫ ሆኗል፣ ሃምሳ ሰው ይፈልጋል፣ የመጡለት ከአሥር አይበልጡም፤ እጁን እያወዛወዘ ና በለው፣ ና በለው ይለኛል። ልጁን አትምጣ አልኩት። አባትህን አመስግንልኝ ብዬ ዘጋሁ። ጎረቤቴ ብዙ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ዝም አለ፣ በመጨረሻ ሚስቱንና ትምህርት የተዘጋባቸውን ልጆቹን ይዞ ራሱ ወረደ። ከታጨደው ይልቅ የረገፈው ይበዛል። ለሚመጣው ክረምት አኩሪ አተር ሊዘራ ዘር እያፈላለገ ነው፤ ያንንስ በኮምባይነር ማጨድ ይቻላል ይላል።